የታጠበው ስልቻ

ልጁን ለትምህርት ወደ ንፋስ መውጫ የሚያመጣ የገጠር አባት አህያውን ሳያራግፍ የሚሰማው ምክር አለ። «ቤት ከፈለግህ ሌላ ጋ ጠይቅ፤ እማማ አመለወርቅ ዘንድ አትሂድ። ሴትዮዋ ልጅ ይፈትናሉ» ይሉታል። አንዳንዱ ጨምሮ «ነክቷቸዋል» ይላል። እንዲህ ከሚሉት ግማሾቹ እሳቸው ግቢ ተከራይተው የተማሩ ናቸው፤ አፍ ሥራ ሲፈታ ምን ይደረግ። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ስለማውቀው ዝም ማለት አልሆነልኝም። ስሜ ሰርካለም ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እዚያው ግቢ፣ ከተደረደሩት አራት ክፍሎች በአንዱ እኖር ነበር።

በእኛ አገር ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያለው ትምህርት ከተማ ነው። የገበሬ ልጅ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ከእናቱ ቤት ይወጣና ክፍል ይከራያል። ብቻውን ያበስላል፣ ብቻውን ያጥባል፣ ብቻውን በሩን ቀርቅሮ ይተኛል። አባት በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ በገበያ ቀን፣ ስንቅ ጭኖ ይመጣል፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ድንች። በመሀል ያለውን ቀን ልጁና እግዜር ያውቁታል። ስለዚህ መስከረም በመጣ ቁጥር ወላጅ ሁሉ የሚጨነቅበት ነገር አንድ ነው፤ ልጄ ብቻዋን ለመኖር ደርሳለች ወይስ አልደረሰችም?

ይህን በመለየት እማማ አመለወርቅ የታወቁ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ መሥሪያ ቤት ሲጠርጉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው በመንገድ ሥራ ላይ የሞቱባቸው፣ አንዲት ልጃቸውን ደብረ ታቦር የዳሩ ሴት ናቸው። የተወለዱት እስቴ ነው። ስምንት ዓመታቸው ሳለ እናታቸው የታመመ ወንድማቸውን ይዘው ጠበል ሄዱና እሳቸው አርባ ቀን ብቻቸውን ቤት ጠበቁ። ይህችን ታሪክ ለእኛ ለተከራዮቻቸው ስንት ጊዜ እንደነገሩን አልቆጠርኩም። «ጎረቤታችን በየጠዋቱ ‹በላሽ ወይ?› ትለኛለች፤ ‹በልቻለሁ› እላለሁ። አርባ ቀን የሰው ደጅ ሳልረግጥ!» ይሉና አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ። በልተው ነበር ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አላስታውስም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ፈተናቸው በእሳት ነበር። አዲስ ልጅ ሲመጣ አባትየውን ደጅ ያስቀምጡትና ልጁን ወደ ማድ ቤት ያስገባሉ። ማድ ቤቱ ለየክፍሉ አንዳንድ ጉልቻ አለው። «አንድድ። ሽሮ ሥራ። ስትጨርስ እሳቱን ዳፍነው» ይላሉ። በማግስቱ ጠዋት አመዱን በጭራሮ ገለጥ ያደርጉታል። ፍም ካለ ልጁ ደርሷል፤ ከጠፋ አልደረሰም። አባቶች አንዳንዴ «ኧረ እትዬ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባል የለ?» ብለው ሲከራከሯቸው «ካልበቃ ጦሙን ይደር፤ ነገ አሻሽሎ ያቦካል» ይሉ ነበር። እንስቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያቺ ሳቅ ታሳፍረኛለች።

ፅጌረዳ የመጣችው ከጉና ግርጌ፣ የስድስት ሰዓት መንገድ ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ሲያዩዋት ግን አሥር አትሞላም። አባቷን አያ ቸሬ ይሉታል። አጭር፣ ቁጥብ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። የዚያን ቀን አህያውን አጥሩ ላይ አስሮ ለእማማ አመለወርቅ የተናገረውን እኔ ልብስ እያጠብኩ ሰምቼዋለሁ።

«እትዬ፣ እናቷ ‹አንድ ዓመት ትቆይ› ብላ አልቅሳብኛለች። እኔ ደግሞ ትምህርቷ እንዳይቀር ፈራሁ። እርስዎ ይዩልኝ። ደርሳለች ካሉኝ ትቀመጥ፤ አልደረሰችም ካሉኝ ይዣት ልመለስ።»

እማማ አመለወርቅ አስነደዷት። በአንድ ክብሪት አነደደች። ሽሮዋ አልጓጎለም። በማግስቱ አመዱን ሲገልጡት ፍሙ ትናንት እንደተዳፈነ ቀይ ነበር። ምድጃውን ጠርጋ፣ ድስቷን በአመድ ፈትጋ፣ የተረፈውን እንጨት በልክ በልኩ ደርድራ አስቀምጣለች። «ይቺ እኔን ነው የወጣችው» አሉ በደስታ።

አያ ቸሬ ሊሄድ ሲል ልጁን ትከሻዋን ይዞ መከራት። «ሰው ቤት አትልመጂ። ሰው ሲበላ ዓይንሽን አትጣይ። ብዪ ካሉሽ በልቻለሁ በይ። የጨዋ ልጅ መሆንሽን እንዳትረሺ።»

«እሺ አባ» አለች።

«እሰይ! ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነው» አሉ እማማ አመለወርቅ። «በል ሂድ ቸሬ፣ እናቷንም አታስለቅሳት። ልጅህ ደርሳለች።»

አምስት ወር በደህና ኖረች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የመቶኛ ስሌት እኔን የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏን ያስረዳችኝ እሷ ናት፤ ቁጥር አይከብዳትም ነበር። አባቷ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል፤ ሙሉውን ስልቻ ያስረክባትና ባዶውን ይዞ ይመለሳል። ባዶውን ስልቻ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ አጥፋ ነበር የምትሰጠው። እማማ አመለወርቅ ይህን ለጎረቤት ሁሉ አውርተዋል።

ሁዳዴ በገባ በአሥረኛው ቀን መንገድ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ እዚህ መተንተን አልፈልግም፤ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ከገጠር የሚገባ፣ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ጠፋ። ስልኩም ጠፋ። ትምህርት ቤቱ «እስክንጠራችሁ ቆዩ» አለን። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁለት ወንድማማቾች ቀደም ብለው አገራቸው ገብተው ስለነበር የቀረነው እኔና ፅጌረዳ ነን። እኔ አጎቴ ቤት እየሄድኩ እበላ ነበር። እሷ ከተማው ውስጥ ዘመድ የላትም።

እማማ አመለወርቅ አልጠየቋትም ማለት ሐሰት ነው። «ስንቅ አለሽ?» አሏት። «አለኝ፣ እናቴ ብዙ ነው ያስያዘችኝ» አለች። «በላሽ?» ሲሏት ጠዋት ከሆነ «እጾማለሁ» ትላለች፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከሆነ «በልቻለሁ»። እንደዚያው ነው በየቀኑ። በእኛ ዘንድ ሰው አንዴ ጠይቆ አይተውም፤ በሞቴ፣ አፈር ስሆን ብሎ በግድ ያጎርሳል። አፋርም ጨዋም ልጅ ሳይራብ የሚያድገው በዚህ ነው። ለሚጾም ሰው ግን በሞቴ አይባልም፤ ነውርም ኃጢአትም ነው። እንኳን በግድ ልናጎርሳት ጭራሽ አመሰገንናት። «በዚህ ዕድሜዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት!» አሉ ጎረቤቶች። እማማ አመለወርቅ ልጃቸው የተመሰገነች ያህል ደስ ይላቸዋል።

ጭሷም አልተቋረጠም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማድ ቤት ገብታ ታነድዳለች፤ ድስት ትጥዳለች። ሲመሽ እሳቷን ትዳፍናለች። እማማ አመለወርቅ ጠዋት ጠዋት አመዱን ገልጠው ፍሙን ያዩና «ጎበዝ» ይላሉ። ባዶዎቹ ሁለት ስልቻዎችም ታጥበው በገመዱ ላይ ተሰጡ። ሁላችንም አየናቸው። ስልቻ የሚታጠበው ባዶ ሲሆን ነው፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። እኛ ግን ያየነው ንጽሕናዋን ነው።

የራሴን ልናገር። አንድ ቀን ከአጎቴ ቤት ግማሽ ዳቦ ይዤ መጣሁ። በሯን አንኳኳሁ። «ፅጌ፣ ዳቦ አለ፤ እንካፈል?» አልኳት። ዳቦውን አየችው። ቶሎ ብላ ዓይኗን አነሳች፤ «በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እኔ ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ደስ አለኝ። አጎቴ ቤትም እህል እያለቀ ነበር፤ ግማሹ ዳቦ ሙሉ ለሙሉ የእኔ በመሆኑ ደስ አለኝ። ክፍሌ ገብቼ በላሁት።

መንገድ በተዘጋ በሃያኛው ቀን ጠዋት ከክፍሏ አልወጣችም። ገብተን ስናያት ሰውነቷ ይፋጃል፤ ትስላለች። ተሸክመን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። እኔ ነኝ ያዘልኳት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አዝዬ ዳገቱን ስወጣ አንዴም አላረፍኩም፤ ያኔ ነው ልቤ የደነገጠው። ነርሷ የሳንባ ምች ነው አለች። ከዚያ «ምን ስትበላ ነው የሰነበተችው?» ብላ ጠየቀችን።

«ሁዳዴን እየጾመች ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አሉ እማማ አመለወርቅ፤ ድምፃቸው ውስጥ ያቺ ኩራት ነበረች።

ነርሷ የልጅቷን ክንድ አንስታ አሳየቻቸው። «እናቴ፣ ይህ ጾም አይደለም» አለች።

ልብስ ላመጣላት ወደ ክፍሏ ተመለስኩ። በሶ የለም። ድርቆሽ የለም። ሽሮ የነበረበት ጣሳ ውስጡ በጣት ተጠርጎ ያበራል። ድስቷን ከፈትኩት፤ ውኃ ነው። በጣቴ ቀመስኩት፤ ጨው አለው። እዚያው ተቀምጬ ጮህኩ። ከእማማ አመለወርቅ ጓዳ እስከዚያች ድስት ድረስ ዐሥር እርምጃ አይሞላም፤ ጓዳቸው ውስጥ ግማሽ ጆንያ ድንች ነበር።

ነርሷ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። ፅጌረዳ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሞተች። አገሯ መውሰድ ስለማይቻል ንፋስ መውጫ ተቀበረች። ዘመድ አልነበራትምና ያለቀስንላት እኛው ጎረቤቶቿ ነን። እማማ አመለወርቅ ግን አላለቀሱም። «እኔ እኮ ራሴ እንደዚያ ነበር የምል» ይላሉ፤ ሌላ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። «ራሴ! ጎረቤታችን በላሽ ስትለኝ፣ በልቻለሁ። አርባ ቀን። ጎመን ቅጠል ነበር ስበላ የከረምኩ። ረሳሁት እንዴ?»

መንገዱ ከቀብሯ በኋላ በአራተኛው ቀን ተከፈተ። በዚያኑ ዕለት አሥር ሰዓት ላይ አያ ቸሬ ሁለት ሙሉ ስልቻ አህያ ላይ ጭኖ ግቢው በር ላይ ቆመ።

መርዶ ደንብ አለው። ሐዘንተኛ ድንገት አይነገረውም። እህል አስቀምሰው፣ አሳርፈው፣ ጎህ ሲቀድ የነፍስ አባት ይዘው ነው የሚያረዱት፤ ከሰማ በኋላ አይበላምና። ጎረቤቶችም ይህንኑ ተመካክረው ነበር። ስለዚህ እማማ አመለወርቅ «ፅጌረዳ የት አለች?» ሲላቸው «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ትመጣለች፤ ግባ አረፍ በል» አሉት። አስገቡት። እጁን አስታጠቡት። እንጀራ በሽሮ አቀረቡለት።

ስድስት ሰዓት ሙሉ ተጉዞ የመጣ ሰው ነው። ከንፈሩ ደርቋል። መሶቡን አየው፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«ኧረ እኔስ በልቻለሁ፣ እትዬ» አለ።

እኔ በሩ ጥግ ቆሜያለሁ። እማማ አመለወርቅ እንጀራውን ጠቅልለው እጃቸውን ዘርግተውለት ነበር፤ እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«በሞቴ» አሉት። «አፈር ስሆን ቸሬ፣ ጉረስ።»

«ውነቴን ነው፣ መንገድ ላይ ቆሎ ቆርጥሜያለሁ። ይልቅ ፅጌረዳ ትምጣና እሷ ትብላ።»

ያን ጊዜ ነው የጮኹት። የደንቡ ነገር፣ የነፍስ አባቱ ነገር፣ ጎህ መጠበቁ ሁሉ ቀረ። «አንተ ነህ ያስተማርካት!» አሉ። ጉርሻው ከእጃቸው ወደቀ። «ከአንተ አፍ ነው የወሰደችው! በልቻለሁ፣ በልቻለሁ እያለች ሞተችብን!» ከዚያ ደረታቸውን እየደቁ «እኔም ነኝ! ደርሳለች ያልኩ እኔ ነኝ!» እያሉ መሬት ላይ ተዘረጉ። አያ ቸሬ የልጁን ሞት የሰማው እንዲህ ነው። ከተማው እስከ ዛሬ «መርዶ አበላሹ» ብሎ ያማቸዋል። ይማቸው። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ማን ችሎ ዝም ይል እንደነበር ንገሩኝ።

ሲሄድ ሁለቱን ሙሉ ስልቻዎች ትቶ፣ ፅጌረዳ አጥባ ያጠፈቻቸውን ሁለቱን ባዶዎች ይዞ ሄደ። በሶውን እማማ አመለወርቅ ለነፍሷ ብለው ለአካባቢው ተማሪዎች አደሉት። እኔም ደረሰኝ፤ በላሁ። ጥሩ በሶ ነበር፤ እናቷ ገብሱን አሳምራ ነበር የቆላችው። ስበላ አለቅሳለሁ፤ ግን በላሁ።

በተከታዩ መስከረም እማማ አመለወርቅ ክፍላቸውን ለማንም አላከራዩም። ዘንድሮ መስከረም ግን ከፈቱ፤ ሰው የሚያማቸው አዲሱ ፈተናም ያኔ ተጀመረ። አሁን እሳት አያስነድዱም፤ አመድ አይገልጡም። ከመንገድ የገባውን ልጅ በርጩማ ላይ ያስቀምጡትና ፊቱ ዳቦ ያኖሩለታል። «ብላ» ይላሉ። ልጁ እንደ ደንቡ «በልቻለሁ» ካለ አባቱን ይጠሩና «አልደረሰም። ራበኝ ማለት ሲችል አምጣልኝ» ብለው ይሸኙታል።

አባቶች ይቆጣሉ። አንዱማ «ልጄን ቅልውጥና ሊያስተምሩልኝ ነው?» አላቸው። «አዎን» አሉት። እኔም ተከራክሬያቸዋለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ብሠራም ማምሻዬ እሳቸው ዘንድ ነው። «እማማ፣ በዚህ ምክንያት ትምህርት የሚቀርበት ልጅ አለ እኮ» አልኳቸው። «ይቅርበት። እናቱ ቤት ይራብ፤ እናት ሳይነግሯት ታያለች። እኔ አላየሁም» አሉኝ።

የመስከረሙ ሦስተኛ ሳምንት ላይ፣ የእረፍት ቀኔ ነበር፣ ደጃቸው ተቀምጠን ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። አያ ቸሬ ነው። ጠጉሩ ሸብቷል። አጠገቡ አንዲት ልጅ ቆማለች፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናለች። ማን እንደሆነች መናገር አላስፈለገውም።

«ታናሿ ናት፤ ጽዮን ትባላለች» አለ። «ስምንተኛን ጨረሰች።»

እማማ አመለወርቅ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ከተማው ሞልቶ የለም እንዴ ቤት? ለምን እኔ ዘንድ?» አሉት።

«የሚያደርጉትን ሰምቼ ነው የመጣሁ» አለ።

ዳቦውን እኔ ነኝ ያመጣሁት። ጽዮን በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ዳቦውን አየችው፤ ከዚያ የአባቷን እግር አየች። «በል…» ብላ ጀመረች፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ጽዮን!» አላት አባቷ። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። «ንገሪያቸው። ከጠዋት ጀምሮ ምን በላሽ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ራበኝ በይ።»

ልጅቷ ግራ ገባት። ዕድሜ ልኳን የሰማችው የዚህን ተቃራኒ ነው። ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ የሰረቀች ይመስል «ራበኝ» አለች።

እማማ አመለወርቅ ዳቦውን ወደ እሷ ገፉት። ልጅቷ ጎረሰች፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በሁለት እጇ። ስትበላ ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም።

«ደርሳለች እትዬ?» አለ አያ ቸሬ።

«እኔ አላውቅም» አሉ። «ልጅ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም፤ ድሮም አላውቅም ነበር። ትቀመጥ። ከእኔው መሶብ ትበላለች፤ ስንቅ መጣ አልመጣ።» ከዚያ ወደ እሱ ዞሩና «አንተስ ቸሬ?» አሉት።

እዚያው ግቢ እንዲህ ሲጋበዝ አንዴ «በልቻለሁ» ብሏል። መሬት መሬት አየ።

«እኔም ርቦኛል፣ እትዬ» አለና ተንሰቀሰቀ።

ከጓዳ ሌላ ዳቦ አመጣሁ።